ካርታው 234፣ ደላላው 323

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የያዝናቸው ስድስት ጥያቄዎች ሁሉም ቤት ወይም ይዞታ ለመግዛት የተነሡ አንባቢያን በስፋት ልኬት ላይ የጻፏቸው ናቸው። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለሆኑ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አስቀርተናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት እንደሆነና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ስለሚደነግግ፣ እዚህ «ቦታ መግዛት» ስንል በቦታው ላይ ያለውን ቤትና አብሮት የሚተላለፈውን የይዞታ መብት ማለታችን እንደሆነ ይታወቅልን። ገበያው ግን ዋጋውን የሚያወራው በካሬ ነውና እኛም በዚያው እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ቀበና አካባቢ አሮጌ ቤት ያለበትን ግቢ ለመግዛት በድርድር ላይ ነኝ። ግቢው አራት ማዕዘን ቢሆንም ጎኖቹ እኩል አይደሉም፤ በመንገዱ በኩል 13 ሜትር፣ በቀኝ 14፣ በጀርባ 25፣ በግራ ደግሞ 20 ሜትር ነው። ደላላው ፊትና ጀርባውን ደምሮ ለሁለት አካፈለና 19 አለ፤ ግራና ቀኙንም እንዲሁ አድርጎ 17 አለ፤ ሁለቱን አባዝቶ «323 ካሬ ነው» ብሎኛል። ካርታው ላይ የተጻፈው ግን 234 ካሬ ነው። ሻጩ «ካርታው ድሮ በግምት የተሠራ ነው፣ እውነቱ በሜትር የተለካው ነው» ይላሉ። ዋጋውን የጠሩት በካሬ 50,000 ብር ነው። ልጄ ከፊት ለፊቱ የግራ ማዕዘን እስከ ጀርባው የቀኝ ማዕዘን ድረስ ለክቶ 15 ሜትር አግኝቷል፤ ይህ የሚጠቅም እንደሆነ ብዬ ጨምሬዋለሁ። የትኛውን ልመን?
አንባቢ፣ ከቀበና

መልስ፦ ትክክለኛው ካርታው ነው። ይህን የምንለው ካርታ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እርስዎ የላኩልን ቁጥሮች ራሳቸው ስለሚመሰክሩለት ነው።

የደላላው ዘዴ በከተማችን በሰፊው የሚሠራበት ቢሆንም ልክ የሚሆነው የግቢው አራት ማዕዘኖች በስኳድራ የተሠሩ ያህል ቀጥ ሲሉ ብቻ ነው። ማዕዘኖቹ በተዛቡ ቁጥር ይህ አሠራር ከእውነተኛው ስፋት በላይ ይሰጣል እንጂ አሳንሶ አያውቅም፤ ስለዚህም ሁልጊዜ የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ምክንያቱን ለማየት የሚፈልግ ሰው አራት ጣውላዎችን ጫፍና ጫፋቸው ላይ በአንድ በአንድ ሚስማር ብቻ አያይዞ ከጎን ገፋ ያድርጋቸው፤ የጣውላዎቹ ርዝመት ሳይለወጥ በመካከላቸው ያለው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። የአራት ጎኖች ርዝመት ብቻውን ስፋትን የማይናገረው ለዚህ ነው። አምስተኛ ልኬት ያስፈልጋል፤ ልጅዎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የለካው 15 ሜትር ይህንኑ አምስተኛ ልኬት ስለሚሰጠን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ የበለጠ የጠቀመን እሱ ነው።

ያ መስመር ግቢውን ለሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይከፍለዋል፤ ሦስቱም ጎኖቹ የታወቁ ሦስት ማዕዘን ደግሞ አንድ ስፋት ብቻ ነው ያለው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ሦስቱን ጎኖች ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ከተገኘው ቁጥር ላይ እያንዳንዱን ጎን በተራ መቀነስ፣ ከዚያም ግማሹንና ሦስቱን ቀሪዎች እርስ በርስ ማባዛትና በስልክ ካልኩሌተር ላይ ባለው የስኩዌር ሩት ምልክት ውጤቱን ማውጣት። የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ 13፣ 14 እና 15 ናቸው፤ ድምራቸው 42፣ ግማሹ 21፣ ቀሪዎቹ 8፣ 7 እና 6፤ 21 × 8 × 7 × 6 = 7,056፤ ስኩዌር ሩቱ 84 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው 15፣ 20 እና 25 ነው፤ ግማሹ 30፣ ቀሪዎቹ 15፣ 10 እና 5፤ ብዜቱ 22,500፣ ስኩዌር ሩቱም 150 ነው። 84 እና 150 ሲደመሩ 234 ይሰጣሉ። ደላላው የጨመረው 89 ካሬ በሜዳ ላይ የለም፤ በተጠራው ዋጋ ሲታሰብ ግን 4,450,000 ብር ነው።

ሻጩ ያሉት ነገር በጠቅላላው ሲታይ ሐሰት አይደለም። የአጥሩና የካርታው ስፋት የማይገጥሙባቸው አሮጌ ይዞታዎች በአራዳም ሆነ በቂርቆስ ጥቂት አይደሉም፤ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጥቶ ይዞታዎችን በሕጋዊ ካዳስተር (ተለክተው በሚመዘገቡበት መዝገብ) ማረጋገጥ ያስፈለገበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን አጥሩ ከካርታው በላይ ቢይዝ እንኳ ትርፉ ሻጩ ሊሸጡልዎት የሚችሉት አይደለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፤ ውልና ማስረጃ ቀርበው ሲፈርሙም ከውሉ ጋር የሚታየው የይዞታ ካርታው ነው እንጂ የደላላው ደብተር አይደለም። ትርፉን ከፍለው ከገዙ በኋላ መንግሥት ትርፍ ይዞታ ነው ቢል የሚከራከሩት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ የካርታው ስፋትና የአጥሩ ስፋት ከተለያዩ ዋጋው የሚሰላው በሚያንሰው ላይ ይሁን።

ቁጥሩ ከግዢው ቀን በኋላም ይከተልዎታል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ባመጣው ሥርዓት ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተገኘ የቆየ ይዞታ) ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ የሊዝ ክፍያም በካሬ ሜትር የሚታሰብ ስለሆነ በስፋቱ ላይ የሚሠራ ስሕተት ለዓመታት ይከፈልበታል። በመሀል ከተማ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ መንገዶችን ስላሰፋ፣ ከ234ቱ ውስጥ ምን ያህሉ በመንገድ ክልል ውስጥ እንደሚወድቅ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ከክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በካርታው ላይ ያለ ነገር ግን ሊገነቡበት የማይችሉት 20 ካሬ ዋጋው ከሌላው ጋር እኩል ሊሆን አይገባም።

ጥያቄ፦ ልደታ አካባቢ ልገዛው ባሰብኩት ቤት ካርታ ላይ የየማዕዘኑ ኤክስና ዋይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ቁጥሮቹን ስልኬ ላይ ባለ የካርታ መተግበሪያ ሳስገባቸው ምልክቱ ከግቢው ርቆ ከመንገድ ማዶ ያርፋል። ካርታው ሐሰተኛ ይሆን?
አንባቢ፣ ከልደታ

መልስ፦ በዚህ ምክንያት ብቻ ሐሰተኛ ነው አይበሉት። በአገራችን የካርታ ሥራ ለረዥም ጊዜ ሲያገለግል የቆየው የልኬት መነሻ አዲንዳን ይባላል፤ የእጅ ስልኮች የሚሠሩት ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። በአዲንዳን የተጻፈ ቁጥር ሳይለወጥ ወደ ስልክ ሲገባ፣ በአዲስ አበባ ላይ ምልክቱ ከእውነተኛው ቦታ ወደ ደቡብ 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 90 ሜትር ገደማ ፈቀቅ ብሎ ይወድቃል። እርስዎ ያዩት ፈቀቅታ በዚህ አቅጣጫና በዚህ መጠን ከሆነ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ማንኛውም ቀያሽ በደቂቃዎች ውስጥ ይለውጥልዎታል። ምልክቱ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወይም በኪሎ ሜትር ከራቀ ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና ፋይሉ ያለበትን ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ አንድ እርምጃ አይራመዱ። የካርታን እውነተኛነት በመጨረሻ የሚያረጋግጠው ያው ፋይሉ ነው።

ቁጥሮቹ ከተለወጡ በኋላም ቢሆን በግቢው ዙሪያ ስልክ ይዞ በመዞር ስፋት ለማግኘት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። የስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. በገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ ፎቆች በከበቡት መሀል ከተማ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። 15 በ20 የሆነ ግቢ 300 ካሬ ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን 3 ሜትር ቢጨመርበት 414 ይሆናል።

ኤክስና ዋዩ ግን ለሌላ ነገር እጅግ ይጠቅሙዎታል፤ ያለ ማንም እርዳታ የካርታውን ስፋት ቤትዎ ቁጭ ብለው ማስላት ይችላሉ። በመሀል አዲስ አበባ ኤክሱ 472,000 አካባቢ፣ ዋዩ 998,000 አካባቢ የሆነ ረዥም ቁጥር ስለሆነ፣ ለሁሉም ማዕዘኖች የጋራ የሆኑትን የመጀመሪያ አሃዞች ጥለው በቀሪዎቹ ይሥሩ። ለምሳሌ የቀሩት 10 እና 10፣ 25 እና 12፣ 27 እና 30፣ 9 እና 28 ይሁኑ። የእያንዳንዱን ማዕዘን ኤክስ በሚቀጥለው ማዕዘን ዋይ ያባዙ፤ ከዚያ ላይ የሚቀጥለውን ኤክስ በዚህኛው ዋይ አባዝተው ይቀንሱ። የመጀመሪያው 10 × 12 ሲቀነስ 25 × 10 ነውና ከዜሮ በታች 130 ይሆናል፤ ሁለተኛው 426፣ ሦስተኛው 486፣ አራተኛው ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ተመልሶ ከዜሮ በታች 190 ይሰጣል። ተደምረው 592፣ ለሁለት ሲካፈሉ 296 ካሬ ሜትር። ማዕዘኖቹን በዙሪያው ቅደም ተከተል መያዝ ግን ግዴታ ነው፤ ተዘበራርቀው ከገቡ ውጤቱ ትርጉም የለውም።

ካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት ከዚህ ስሌት በአንድ ካሬ ቢለይ አይጨነቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ በመሆኗና ጠፍጣፋ ካርታ የተጠማዘዘውን መሬት ሲስል መጠነኛ ማሳጠር ስላለበት፣ መሬት ላይ በጥንቃቄ የተለካ 500 ካሬ በካርታ ቁጥሮች ሲሰላ አንድ ካሬ በማይሞላ መጠን አንሶ ይታያል። ልዩነቱ ሠላሳ ካሬ ከሆነ ግን ይህ ማብራሪያ አይሸፍነውም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ገና በመሠራት ላይ ካሉ ሁለት አፓርታማዎች አንዱን ለመምረጥ ተቸግረናል። ካዛንቺስ ያለው 135 ካሬ ሆኖ በካሬ 110,000 ብር ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው 115 ካሬ ሲሆን በካሬ 120,000 ብር ይላሉ። ወንድሜ «ያለ ጥርጥር የካዛንቺሱ፤ ካሬው ርካሽ ነው፣ ቤቱም ሰፊ ነው» ይላል። ፕላኖቹን ስናይ ግን በመጀመሪያው ላይ «ኔት 100»፣ በሁለተኛው ላይ «ኔት 96» የሚል ጽሑፍ አገኘን። እንዴት እናወዳድራቸው?
አንባቢት፣ ከለገሐር

መልስ፦ ወንድምሽ ያወዳደረው በማስታወቂያ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ነው፤ እናንተ ግን የምትኖሩት በፕላኑ ውስጥ ስለሆነ ስሌቱን ከዚያ እንጀምረው። የካዛንቺሱ ጠቅላላ ዋጋ 14,850,000 ብር ነው፤ ለ100 ካሬ ኔት፣ ማለትም በበራችሁ ውስጥ ላለው ወለል ሲካፈል በካሬ 148,500 ብር ይመጣል። የሜክሲኮው 13,800,000 ብር ሲሆን ለ96 ሲካፈል 143,750 ብር ነው። በማስታወቂያ ላይ በካሬ 10,000 ብር ርካሽ የነበረው ቤት በበራችሁ ውስጥ ባለው ወለል ሲለካ 4,750 ብር ተወዶ ተገኘ። የሃያ ካሬ የመሰለው የስፋት ልዩነትም አራት ካሬ ብቻ ሆነ፤ ለዚያ አራት ካሬ የሚጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ 1,050,000 ብር ነው።

ደላሎች ግሮስ የሚሉት ስፋት ከበራችሁ ውጪ ያለውን ይጨምራል፦ የውጭ ግድግዳውን ውፍረት፣ የደረጃውን፣ የሊፍቱንና የወለሉን ኮሪደር ድርሻ፣ አንዳንዴም የጄኔሬተር ክፍሉንና የጥበቃ ቤቱን ሳይቀር። ይህ ሁሉ ማጭበርበር ነው አንልም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤቱ ባለቤት ከራሱ ክፍል ጋር በጋራ መጠቀሚያዎች ላይ የማይነጠል ድርሻ እንዲኖረው ያደርጋል፤ ስለዚህ የደረጃው ድርሻ በእርግጥ የእናንተ ነው፤ አልጋ የማይዘረጋበት መሆኑ ነው እንጂ። ችግሩ ሻጮች ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አለመለካታቸው ነው። አንዱ በረንዳውን በሙሉ ይቆጥራል፣ ሌላው ግማሹን፣ ሦስተኛው የመኪና ማቆሚያውን ጭምር ከካሬው ውስጥ ይከታል። በእናንተ ሁኔታ የካዛንቺሱ ግሮስ ከኔቱ በ35 ከመቶ፣ የሜክሲኮው በ20 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። የ35 ከመቶ ጭማሪ ምን ምን እንደያዘ በጽሑፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ይህን ጥያቄ በቃል ብቻ የሚመልስ የሽያጭ ሠራተኛ መልስ እንደሰጠ አትቁጠሩት።

«ኔት» የሚለው ቃልም ቢሆን ሳይመረመር የሚታመን አይደለም፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚታለሉት እዚህ ነውና። በፕላን ላይ የሚጻፉ ርዝመቶች ብዙውን ጊዜ ከግድግዳ መሀል እስከ ግድግዳ መሀል ናቸው። 4 በ3 ተብሎ የተሳለ መኝታ ቤት በወረቀት 12 ካሬ ነው። ግድግዳዎቹ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ከሆኑ ግን ከእያንዳንዱ ርዝመት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳልና 3.80 በ2.80፣ ማለትም 10.64 ካሬ ይቀራል። በየግድግዳው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ልስን ሲጨመር 3.76 በ2.76 ሆኖ ወደ 10.38 ካሬ ይወርዳል። ቁም ሣጥን የምትገዙት ለዚህ ለመጨረሻው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሻጩን «ኔቱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ከልስን እስከ ልስን ነው ወይስ ከግድግዳ መሀል እስከ መሀል?» ብሎ መቀጠል ያስፈልጋል።

በኔቱ ውስጥም የሚኖርበትና የሚታለፍበት ወለል አለ። ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ የውስጥ ኮሪደር 12 ካሬ ይወስዳል፤ ከላይ እንዳየነው ይህ ከአንድ መኝታ ቤት ይበልጣል። እንዲህ ያለ ኮሪደር ያለው የ100 ካሬ ቤት አጭር መተላለፊያ ካለው የ96 ካሬ ቤት ቢጠብ አያስደንቅም። የሁለቱን ፕላኖች ሳሎን፣ መኝታ ቤቶችና ማዕድ ቤት ክፍል በክፍል በወረቀት ላይ ደምሯቸው፤ የወንድምሽ ክርክር ምናልባት እዚያ ላይ ይቆማል ወይም ይወድቃል።

ቤቱ ገና ያልተጠናቀቀ ስለሆነ ውሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች በግልጽ መግባት አለባቸው። የመጀመሪያው ከልስን እስከ ልስን የሚለካው የኔት ስፋት በቁጥር መጻፉ ነው፤ ሁለተኛው በርክክብ ቀን ሁለታችሁም ባላችሁበት ድጋሚ እንደሚለካ፤ ሦስተኛው ደግሞ ልዩነቱ ከስንት በመቶ ሲያልፍ ዋጋው በዚያው ልክ እንደሚስተካከል። ሁለት በመቶ ለግንባታ የተፈጥሮ መዛነፍ በቂ ይመስለናል። ማስተካከያው ሲያንስ ብቻ ሳይሆን ሲበልጥም የሚሠራ ስለሚሆን፣ ለሚበልጠው የምትከፍሉት ገንዘብ ጣሪያ እንዲኖረው አድርጉ፤ አለዚያ ሳትጠይቁ የሰፋ ቤት ሳታስቡት ያስከፍላችኋል።

ጥያቄ፦ እኅቴ በዱባይ፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ በአሜሪካ ይኖራሉ። ሁለቱም ስለ ቤት ሲያወሩ በስኩዌር ፊት ነው። የአክስቴ ልጅ ቤት 1,500 ስኩዌር ፊት ነው ሲለኝ አንድ ሜትር 3.28 ፊት ስለሆነ ለ3.28 አካፍዬ 457 ካሬ አገኘሁ። ሲስቅብኝ ዋለ። የት ላይ ተሳሳትኩ?
አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የተጠቀሙበት ቁጥር የርዝመት መለወጫ ነው። ስፋት ርዝመት በርዝመት ስለሆነ መለወጫውም በራሱ ይባዛል፤ 3.28 በ3.28 ወደ 10.76 ይመጣል። 1,500 ለ10.76 ሲካፈል 139 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለጭንቅላት ስሌት በ11 ማካፈል ይበቃል፤ ለውል ግን በ0.0929 ያባዙ። ዋጋ ሲለወጥ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ በስኩዌር ፊት 200 ዶላር የተባለ ቤት በካሬ ሜትር 2,153 ዶላር ገደማ ነው።

የአክስትዎ ልጅ ግቢያቸው ሩብ ኤከር ነው ካሉም አንድ ኤከር 4,047 ካሬ ሜትር ስለሆነ 1,012 ካሬ ይሆናል። በነገራችን ላይ በአሜሪካ የግል መኖሪያ ቤት ስፋት በአብዛኛው የሚለካው ከውጭ ግድግዳ ፊት ሲሆን ጋራዥ አይገባበትም፤ ስለዚህ ያ 139 ካሬ በመዲናችን አፓርታማ ኔት ከተባለው ጋር እኩል እግር ላይ የቆመ ቁጥር አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአያቴ ወረቀቶች መካከል «ግማሽ ጋሻ» የሚል የመሬት ሰነድ አገኘን። አንድ ሰው ደግሞ ከከተማው ዳር በጥማድ የሚሸጥ ቦታ አለ ይለናል። እነዚህ በካሬ ስንት ናቸው? የአያቴስ ወረቀት ዛሬ ዋጋ አለው?
አንባቢ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ጋሻ በተለምዶ 40 ሄክታር ይባላል፤ ስለዚህ ግማሹ 20 ሄክታር፣ ማለትም 200,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ግን የስምምነት ቁጥር ነው። መሬቱ ቀላድ በሚባለው ገመድ ይለካ በነበረበት ዘመን ጋሻው እንደ አገሩ ይሰፋና ይጠብ ነበር፤ ለግብር ደግሞ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ይከፈል ነበር። ጥማድም በአንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚታረሰው ስለሆነ እንደ አፈሩና እንደ አገሩ ይለያያል፤ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ብሎ መያዝ የተለመደ ነው።

የአያትዎን ወረቀት ለቤተሰቡ ታሪክ ብለው በጥሩ ያስቀምጡት። የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነዋል፤ ሁለተኛው አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የፈቀደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ሲሆን በግማሹ ጋሻ ላይ እንዲህ ያለ ይዞታ 400 ጊዜ ይገባበታል። በጥማድ የሚሸጥልዎትን ሰው በተመለከተ ግን መለወጫ ቁጥር አይፈልጉ። የይዞታ ካርታ ላይ ስፋት የሚጻፈው በካሬ ሜትር ነው፤ ሻጩ በጥማድ ብቻ የሚናገረው ካርታ ስለሌለው ከሆነ የሚገዙት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ወደ እንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ነው። ሜትር ዘርግተን ስንለካ ቁመቱ 25.5፣ ወርዱ 20 ሜትር ስለሆነ 510 ካሬ አገኘን። ካርታው 500 ይላል። አሥሩ ካሬ የት ሄደ?
አንባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ የትም አልሄደም። ካርታ የሚለካው መሬቱ ከላይ ቀጥ ብሎ ሲታይ ያለውን አግድም ስፋት ነው፤ እናንተ የለካችሁት ደግሞ በተዳፋቱ ላይ የተኛውን ርዝመት ነው። የግቢው ጫፍ ከመንገዱ 5 ሜትር ከፍ ካለ በ25 ሜትር አግድም ርቀት ላይ የሚዘረጋው ሜትር 25.5 ያነባል፤ ቁጥራችሁ ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል። በራሳችሁ ለማረጋገጥ ሜትሩን አግድም ወጥራችሁ፣ ዝቅ ባለው ጫፍ ላይ ቱምቢ (በክር የታሰረ ክብደት) አንጠልጥላችሁ፣ በአምስት በአምስት ሜትር እየከፋፈላችሁ ለኩት። የጨርቅ ሜትር ሲወጠር ስለሚለጠጥ የብረቱን ተጠቀሙ።

ቤት የሚቆመው አግድም በሆነ ወለል ላይ ስለሆነ በዋጋው ረገድ የካርታው 500 ፍትሐዊ ነው። በእንዲህ ያለ ግቢ ከስፋቱ በላይ ሊያሳስባችሁ የሚገባው አምስት ሜትሩ ከፍታ ነው፤ መደልደሉና የድጋፍ ግንቡ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከአንድ መሐንዲስ ግምት ውሰዱና ያንን ገንዘብ ከግቢው ጠቅላላ ዋጋ ጋር ደምራችሁ ለ500 አካፍሉት። ከሜዳማ ግቢ ጋር ልታወዳድሩት የምትችሉት በዚያ ቁጥር ነው።